ዘላቂ የባሕር ምግብ በሚያቀርብ ምግብ ቤት እንዴት መመገብ ይገባል? በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ዓሣ ሲያምራቸው ወይ ከገበያ ቲላፒያ ገዝተው ቤታቸው ይጠብሳሉ፣ አለዚያም ሐበሻ ምግብ ቤት ሄደው የዓሣ ጉላሽ ወይም የዓሣ ዱለት ያዛሉ። ይሁን እንጂ ለምረቃ፣ ለልደት ወይም ከሥራ ባልደረቦች ጋር ለሚደረግ እራት የሚጋበዙባቸው የባሕር ምግብ ቤቶች ዛሬ ዛሬ በራቸውና በሜኑአቸው ላይ «ዘላቂ» የሚል ቃል እየጻፉ ነው። ይህን ሲሉ የሚያቀርቡት ዓሣ ዘሩ ሳይመናመን፣ የሚኖርበት ውኃም ሳይበላሽ የተያዘ ወይም የረባ መሆኑን መናገራቸው ነው። ጉዳዩ ከበድ ያለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2021 በዓለም ላይ ከሚጠመዱት የባሕር ዓሣ ክምችቶች መካከል 37.7 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን መተካት ከሚችሉት በላይ እየተያዙ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በካናዳ የኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ለዘመናት ሲጠመድ የኖረው ኮድ የተባለው ዓሣ ተሟጥጦ መንግሥት በ1992 ማስገሩን ሲያግድ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራ አጥተዋል።

የምግብ ቤቱ ማስታወቂያ በራሱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው ተመጋቢው የሚጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎችና የሚያገኘው መልስ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው አካሄድ ቦታ ከማስያዝ ጀምሮ ሒሳብ ከፍሎ እስከ መውጣት ያለውን በቅደም ተከተል ይዟል።

ደረጃ 1፦ ቦታ ከማስያዝዎ በፊት ምግብ ቤቱን ይመርምሩ

በመጀመሪያ የምግብ ቤቱን ድረ ገጽ ይክፈቱና ሜኑውን ይመልከቱ። ከባሕሩ ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ምግብ ቤት ሜኑው ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፤ አንዳንዱማ በየዕለቱ ያትመዋል። ከጥር እስከ ታኅሣሥ ያንኑ ሃያ ዓይነት ዓሣ ያለ ምንም ለውጥ የሚያቀርብ ቤት ካጋጠመዎት፣ ዓሣውን የሚመርጠው ወቅቱን አይቶ ሳይሆን የጅምላ አከፋፋዩን ዝርዝር ይዞ ሊሆን ይችላልና ጥያቄዎን ያዘጋጁ። ዋሽንግተን ለዚህ ዓይነቱ አሠራር አዲስ አይደለችም፤ በሼፍ ባርተን ሲቨር የሚመራው ሁክ የተባለው ምግብ ቤት በ2007 በጆርጅታውን ሲከፈት የታወቀው ሌሎች ቤቶች ትኩረት የነፈጓቸውን የዓሣ ዓይነቶች ለገበታ በማቅረብ ነበር።

ቀጥሎ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ከ1999 ጀምሮ የሚያዘጋጀውን «ሲፉድ ዋች» የተባለ የምርጫ መመሪያ በስልክዎ ይክፈቱ። መመሪያው በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ዓሣዎችን በቀለም ይለያል፤ አረንጓዴ ተመራጭ፣ ቢጫ በጥንቃቄ ሊበላ የሚችል፣ ቀይ ደግሞ ለጊዜው ሊታለፍ የሚገባው ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቀለሙ የሚሰጠው ለዓሣው ስም ብቻ አይደለም። ያው ሽሪምፕ ወይም ያው ቲላፒያ እንደ መጣበት አገርና እንደ ተያዘበት ወይም እንደ ረባበት ዘዴ ሦስቱንም ቀለም ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ሽሪምፕ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ መልስ የለውም።

ሁለት ምልክቶችንም ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው በ1996 የተመሠረተው የባሕር አስተዳደር ምክር ቤት ከባሕር ለተጠመደ ዓሣ የሚሰጠው ሰማያዊ ምልክት ነው። ሁለተኛው በ2010 የተቋቋመው የውኃ እርባታ አስተዳደር ምክር ቤት ለረባ ዓሣ የሚሰጠው አረንጓዴ ምልክት ነው። አንድ ምግብ ቤት ሰማያዊውን ምልክት በሜኑው ላይ ለማተም ዓሣው ከጀልባ እስከ ሳሕን ድረስ ከሌላ እንዳልተቀላቀለ የሚያሳይ የራሱ ማረጋገጫ ሊኖረው ግድ ነው። ብዙ ትናንሽና ሐቀኛ ቤቶች ይህን ለማሟላት አቅሙ ስለሌላቸው፣ ምልክቱ አለመኖሩን ብቻ አይቶ ቤቱን መኰነን ተገቢ አይመስለኝም።

ደረጃ 2፦ የራስዎን ገደብ አስቀድመው ይለዩ

ይህ ደረጃ በእንግሊዝኛ በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ አይገኝም፤ ለእኛ ግን ዋናው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ይበላ የሚለውን ሕግ የሚጠብቁ ኦርቶዶክሳውያንም ሆኑ ቤተ እስራኤላውያን ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ሎብስተር፣ እንዲሁም በዛጎል ውስጥ የሚኖሩትን ኦይስተርና ስካሎፕ አይበሉም፤ ቅርፊት የሌለውን አምባዛንም ብዙዎች ይተዋሉ። እንግዲህ በዚህ አካባቢ ባሕሩን ይበልጥ የሚጠቅሙ ተብለው ከሚመከሩት ምግቦች ሁለቱ ኦይስተርና አምባዛ ስለሆኑ፣ ሕጉን የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ሌላው ሲመርጥ እሱ ሰላጣ ይዞ ሊቀር ነው። አማራጩ ብዙ መሆኑን በደረጃ 5 እናያለን።

በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጥያቄ የንስሐ አባትን የሚጠይቁት ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ለሚበሉት ግን አንድ ነገር ማስጠንቀቅ እወዳለሁ፤ በአሜሪካ ምግብ ቤቶች ውስጥ አብዛኞቹ ሼፎች ዓሣውን መጥበሻ ላይ ካበሰሉ በኋላ መጨረሻ ላይ የቀለጠ ቅቤ እየጨለፉ ያፈሱበታል፤ ይህም በሜኑው ላይ አይጻፍም። ስለዚህ በወይራ ዘይት ብቻ እንዲሠራልዎት ሲያዙ ይናገሩ። ቻውደር የሚባለው ወፍራም ሾርባም ክሬም የሚገባበት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ቤከን፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ ይጨመርበታል። ሙስሊም ወገኖችም ከዚህ በተጨማሪ መረቁ በወይን ጠጅ አለመሠራቱን፣ የተጠበሰው ዓሣም በቢራ በተለወሰ ሊጥ አለመነከሩን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ሙስል የተባለው ባለ ጥቁር ዛጎል የባሕር ምግብ በነጭ ወይን መቀቀሉ እጅግ የተለመደ ነው።

ሌላው ገደብ ጤና ነው። በልጅነቱ ሸርጣንም ሽሪምፕም ቀምሶ የማያውቅ ሰው አለርጂ እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሱ ከሆነ በጥቂቱ ይጀምሩ፤ ከንፈር ወይም ጉሮሮ ማበጥ፣ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይዘገዩ 911 ይደውሉ። የአሜሪካ ሕግ በዋና የአለርጂ ምክንያትነት ከሚዘረዝራቸው ዘጠኝ ምግቦች መካከል ዓሣ አለ፤ እንደ ሽሪምፕና ሸርጣን ያሉትም አሉ። ኦይስተርና ሙስል ግን በዝርዝሩ ስለሌሉ አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ላይነግርዎ ይችላል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከሜርኩሪ ብዛት የተነሣ ሻርክ፣ ሰይፈ ዓሣ የሚባለውን ሶርድፊሽ፣ ማርሊን፣ ኪንግ ማከረልና ቢግአይ ቱናን እንዳትበላ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይመክራል። ሳልመን፣ ሳርዲን፣ ትራውትና ቲላፒያ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢበሉ መልካም ነው ይላል።

ደረጃ 3፦ ሜኑውን እንደ ማስረጃ ያንብቡ

በአሜሪካ ሱፐርማርኬት የሚሸጥ ዓሣ የመጣበት አገርና የተጠመደ ወይም የረባ መሆኑ እንዲጻፍበት የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ምግብ ቤቶች ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ስለዚህ በሜኑ ላይ ከስም ሌላ ምንም አለመጻፉ ሕግ መጣስ አይደለም፤ በዘላቂነት የሚመራ ነኝ የሚል ቤት ግን ከስም በላይ መጻፍ ይገባዋል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሜኑ «የተጠበሰ ሳልመን፣ ከአትክልት ጋር» ብሎ ቢያበቃ ምንም አልነገረዎትም። ሌላው «ሶክአይ ሳልመን፣ ብሪስቶል ቤይ፣ አላስካ፣ በመረብ የተያዘ» ብሎ ቢጽፍ ዓይነቱን፣ ቦታውንና ዘዴውን በአንድ መስመር ነግሮዎታል። ይህ ደግሞ ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ብሪስቶል ቤይ በ2022 ወደ 79 ሚሊዮን የሚጠጋ ሶክአይ የተመለሰበት፣ በዓለም ከሁሉ የሚበልጠው የሶክአይ ማስገሪያ ነው። አላስካ በ1959 ክፍለ ግዛት ስትሆን ዓሣ ሁሉ ዘሩ እንደ ተጠበቀ እንዲያዝ በሕገ መንግሥቷ አስፍራለች፤ የክንፍ ዓሣ እርባታንም በ1990 ከልክላለች። ስለዚህ «የአላስካ ሳልመን» የሚለው ስም እውነት እስከ ሆነ ድረስ ዓሣው ከባሕር የተጠመደ ነው። በተቃራኒው «አትላንቲክ ሳልመን» የሚል ካዩ፣ በአሜሪካ የዱር አትላንቲክ ሳልመንን ለንግድ ማስገር የተከለከለ ስለሆነ የረባ መሆኑን ያለ ጥርጥር ይወቁ። የረባ መሆኑ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ከየት አገር፣ በምን ዓይነት እርባታ የሚለውን ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የስም ማጭበርበርም አለ። ኦሺያና የተባለው የውቅያኖስ ጥበቃ ድርጅት በ2013 ይፋ ባደረገው የዘር ምርመራ፣ በአሜሪካ ከተሰበሰቡ 1,215 ናሙናዎች አንድ ሦስተኛው የተሸጡት በሌላ ዓሣ ስም ነበር። «ሬድ ስናፐር» ተብለው ከተሸጡ 120 ናሙናዎች በእርግጥ ሬድ ስናፐር ሆነው የተገኙት 7 ብቻ ናቸው። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ይኸው ድርጅት በ2015 በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ አካባቢ የአገር ውስጥ ሸርጣን ናቸው ተብለው ከተሸጡ ክራብ ኬኮች መካከል 38 በመቶው ከሌላ ቦታ በመጣ ሸርጣን መሠራታቸውን አሳይቷል። እነዚህን ሁለት ስሞች በሜኑ ላይ ሲያዩ ጥያቄዎን ያጠንክሩ። በሱሺ ቤት «ነጭ ቱና» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ኤስኮላር የተባለ ቅባታም ዓሣ ሲሆን፣ በዛ ብሎ ከተበላ ሆድን ክፉኛ ያስቀምጣል።

ደረጃ 4፦ አስተናጋጁን አራቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ

ይሉኝታ ብዙዎቻችንን ዝም ያሰኘናል፤ ሥራ የበዛበትን አስተናጋጅ በጥያቄ ማስቸገር እንደ ነውር ይቆጠራል። በእነዚህ ምግብ ቤቶች ውስጥ ግን መጠየቅ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ጥሩዎቹ ቤቶች ከእራት ሰዓት በፊት አስተናጋጆቻቸውን ሰብስበው ስለ ዕለቱ ዓሣ ያስረዷቸዋል። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ይህ ዓሣ በትክክል ምን ዓይነት ነው? ከየትኛው ውኃ መጣ? በምን ዘዴ ተያዘ ወይም እንዴት ረባ? ትኩስ ነው ወይስ በረዶ ሠርቶ የቆየ (ፍሮዝን)?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በመንጠቆና በዘንግ አንድ በአንድ የተያዘ ቱና ሌላ እንስሳ አብሮ አይፈጅም ማለት ይቻላል። በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ገመድ ላይ በተንጠለጠሉ ሺህ መንጠቆዎች የተያዘ ከሆነ ግን የባሕር ኤሊም፣ ሻርክም፣ ወፍም አብሮ ሊያዝ ይችላል። የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚጎተት መረብ ደግሞ ዓሣው የሚራባበትን አልጋ ጭምር ሊያፈርስ ይችላል። ዓሣው ራሱ ብዙ ቢሆንም የመያዣው መንገድ ሌላውን ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። ሲፉድ ዋች በ2022 የአሜሪካን ሎብስተር ወደ ቀይ ያዛወረው ሎብስተሩ ስላነሰ ሳይሆን፣ ከወጥመዶቹ ወደ ላይ የሚዘረጉት ገመዶች ሊጠፉ የተቃረቡትን የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዓሣ ነባሪዎች ስለሚጠልፉ ነው። የሜይን ክፍለ ግዛት አስጋሪዎች ውሳኔውን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ክርክሩም ተራ ክርክር አይደለም፣ የሰው እንጀራ አለበትና።

በአራተኛው ጥያቄ ላይ የብዙ ሰው ግምት የተሳሳተ ነው። በአላስካ ሳልመን በዋናነት የሚጠመደው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በጥር ወር የሚቀርብልዎት የአላስካ ሳልመን በባሕሩ ዳር ወዲያው በበረዶ የደረቀ መሆኑን ቢነግሩዎት ደስ ሊልዎት ይገባል፤ ትኩስ ነው ብለው ከማሉ ግን ይጠርጥሩ። በአግባቡ በበረዶ የተያዘ ዓሣ በመኪና ቀናት ከተንከራተተ «ትኩስ» ዓሣ ይሻላል፤ በአውሮፕላን መጫንም አያስፈልገውም።

የመልሱን ጥራት እንዴት እንደሚለዩ ልንገርዎት። ጥሩ አስተናጋጅ «ይህ ትራውት ከአይዳሆ እርባታ የመጣ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው የገባልን» ይልዎታል፤ ካላወቀም «ቆይ ሼፉን ልጠይቅ» ብሎ ሄዶ መልስ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ቤት ሊታመን ይችላል። «ዓሣችን ሁሉ ዘላቂ ነው» ብሎ በደፈናው የሚያልፍ ከሆነ ግን በትሕትና አንድ ጊዜ ይድገሙለት፤ አሁንም መልስ ከሌለ ምንጩ በሜኑው ላይ ወደ ተጻፈለት ምግብ ይሻገሩ። ቁጣም ክርክርም አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ይምረጡ

በቅድሚያ ለዚህ አካባቢ ልዩ የሆነውን ልጥቀስ። ስኔክሄድ የተባለው ከእስያ የመጣ ዓሣ በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን ከተማ በአንድ ኩሬ ውስጥ ሲገኝ ታላቅ ድንጋጤ ተፈጥሮ ነበር፤ በ2004 ደግሞ በፖቶማክ ወንዝ ታየ። አየር መተንፈስ የሚችል፣ ጥርሳም፣ ያገኘውን የሚውጥ አዳኝ ስለሆነ የአገሬውን ዓሣ ያሳድዳል። ሜሪላንድ ሰዎች እንዲበሉት ለማበረታታት በ2024 በሕግ «ቼሳፒክ ቻና» የሚል አዲስ ስም አውጥታለታለች። ለእኛ ተመጋቢዎች ከሁሉ የሚስማማው ይህ ይመስለኛል፤ ክንፍም ቅርፊትም አለው፣ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፣ ሽታው ለዘብ ያለ ነው፣ በበሉትም ቁጥር የፖቶማክን ዓሣዎች ይረዳሉ። በሜኑ ላይ ካዩት ሌላ አይመልከቱ።

ሁለተኛው ሰማያዊ አምባዛ ነው። በ1970ዎቹ ለመዝናኛ ማስገር ተብሎ በቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ሲሆን፣ ዛሬ በቼሳፒክ ገባሮች ውስጥ በእጅጉ ተባዝቶ ሸርጣኑንና ትናንሹን ዓሣ እየፈጀ ነው፤ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝንም ይገኝበታል። ለሚበላው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይገኝም፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ ይቀላል።

ኦይስተርን በተመለከተ፣ በቼሳፒክ የቀረው የዱር ኦይስተር ጥንት ከነበረው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። አንድ አዋቂ ኦይስተር በምቹ ጊዜ በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ ስለሚችል፣ የሚረባበት ስፍራ ሁሉ ውኃውን ያጠራል፤ መኖም አይፈልግም። የረባ የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ኦይስተር የሚያዝ ሰው እንግዲህ እርባታው እንዲስፋፋ እያገዘ ነው።

በዚህ አካባቢ «ሮክፊሽ» እየተባለ የሚጠራው ስትራይፕድ ባስ ሌላ ታሪክ አለው። ተመናምኖ ስለነበር ሜሪላንድ በ1985 ማስገሩን ሙሉ በሙሉ አቆመች፤ ዓሣውም አገግሞ በ1995 ሙሉ በሙሉ እንዳንሠራራ ተነገረለት። በ2019 ግን እንደገና ከልክ በላይ የተጠመደ ተብሎ ተፈረጀ። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ቢሆንም ክምችቱ እስኪያገግም ከሌላ የባስ ዓይነት ጋር ተዳቅሎ በእርባታ የሚያድገውን መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ማገገም እንደሚቻል ግን ሶርድፊሽም ምስክር ነው፤ በ1998 ብዙ የአሜሪካ ሼፎች የሰሜን አትላንቲኩን ከሜኑአቸው አውጥተው ነበር፤ የማስገር ገደብ ተጥሎበት ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ክምችቱ ተመልሷል።

ከሩቅ ከሚመጡት መካከል የአሜሪካ የእርባታ ትራውት፣ የአላስካ ሳልመንና ሳርዲን ያለ ብዙ ጭንቀት ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ሦስቱም ክንፍና ቅርፊት አላቸው። ሰው ብዙ ጊዜ ትልልቁን ዓሣ ይሻል፤ ትናንሾቹ ግን ቶሎ ስለሚራቡ ክምችታቸው ቶሎ ይተካል፣ ሜርኩሪያቸውም አነስተኛ ነው።

ደረጃ 6፦ ጥሬውን በጥንቃቄ

ጥሬ ኦይስተር የተለመደ ቢሆንም በሞቃት ወራት የሚበዛ ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። የጉበት በሽታ፣ የስኳር በሽታ ወይም የተዳከመ የመከላከያ አቅም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ የበሰለውን ብቻ ይዘዝ። ሎሚም፣ አልኮልም፣ ሚጥሚጣም ባክቴሪያውን አይገድሉትም፤ የሚገድለው እሳት ብቻ ነው።

እዚህ አገር ሳልመን መሐሉ ለስለስ ብሎ ቀላ እንዳለ ይቀርባል። ያ የማይስማማዎ ከሆነ ሲያዙ በደንብ እንዲበስል ይናገሩ፤ የጤና ባለሥልጣናት ለዓሣ የሚመክሩት የውስጥ ሙቀት 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሳሕኑ ሲመጣ ከመቅመስዎ በፊት ያሽትቱት። የአሞኒያ ወይም ጠንካራ የሽታ ስሜት ካለው ይመልሱት፤ ያለ ክርክር ይቀይሩልዎታል።

ደረጃ 7፦ ሙሉ ዓሣ ሲቀርብ

ሙሉ ዓሣ ማዘዝ ከፊሌቶ ይልቅ ብክነትን ይቀንሳል፤ ዓይነቱንም በዓይንዎ ያያሉ፤ ጭንቅላትና ቆዳ ያለውን ዓሣ በሌላ ስም መሸጥ ይከብዳልና። ሐዋሳ ላይ የሚቀርበው የተጠበሰ ዓሣ በቢላ ተተልትሎ ስለሚመጣ በእጅ ቆረስ ቆረስ እያደረጉ መብላት ይቻላል፤ እዚህ ግን ሳይተለተል ስለሚመጣ ሌላ አካሄድ ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ በሹካና በማንኪያ ከጭንቅላቱ ሥር አንድ ጊዜ፣ ከጭራው በላይ አንድ ጊዜ ይጫኑት። ከዚያ በጀርባው በኩል ባለው መስመር ላይ የማንኪያውን ጠርዝ ከጭንቅላት ወደ ጭራ ይሳቡ፤ ዓሣው በሚገባ ከበሰለ ሥጋው ከአከርካሪው ላይ በቀላሉ ይላቀቃል። የላይኛውን ሥጋ ወደ ሆዱ በኩል ገልብጠው ያውርዱና ይመገቡት። የላይኛው ሲያልቅ ዓሣውን አይገልብጡ፤ ጭራውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ቢያነሡት አከርካሪው ከጭንቅላቱ ጋር በአንድነት ተነሥቶ የታችኛው ሥጋ ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ሆዱ አካባቢ ቀጫጭን አጥንቶች ስለሚቀሩ ለልጆች ሲሰጡ በጣት እየፈተሹ ይስጡ። ከዓይኑ በታች ያለችውን የጉንጭ ሥጋ አይተዉ፤ ከዓሣው ሁሉ የምትጣፍጠው እሷ ናት።

ደረጃ 8፦ ሒሳብ፣ ቅርፊትና ከዚያ በኋላ

በሜኑ ላይ «የዕለቱ ዋጋ» ተብሎ ቁጥር ያልተጻፈለትን ምግብ ከማዘዝዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ። በዲሲ ብዙ ምግብ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ በሒሳቡ ላይ ስለሚጨምሩ፣ ቲፕ ከመስጠትዎ በፊት ደረሰኙን አንብበው ሁለት ጊዜ አለመክፈልዎን ያረጋግጡ፤ ካልተጨመረ ከ18 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው።

ኦይስተር ከበሉ ቅርፊቱ (ዛጎሉ) የት እንደሚሄድ ይጠይቁ። በዚህ አካባቢ የኦይስተር ሪከቨሪ ፓርትነርሺፕ የተባለ ድርጅት ከምግብ ቤቶች ቅርፊት ይሰበስባል፤ ሕፃናት ኦይስተሮች ተጣብቀው የሚያድጉት በአሮጌ ቅርፊት ላይ ስለሆነ የታጠበው ቅርፊት ተመልሶ ወደ ቼሳፒክ ይገባል። ቤቱ የማይሳተፍ ከሆነ ሥራ አስኪያጁን ለምን እንደማይሳተፉ መጠየቅ አይከፋም።

ዓሣው ከጣፈጠዎት ደግሞ ከየትኛው አቅራቢ እንደሚገዙት ይጠይቁና ለቤትዎ ይግዙ። ከ1805 ጀምሮ በሚሠራው የሜይን አቬኑ የዓሣ ገበያ ሲሄዱም ያንኑ አራት ጥያቄ ሻጩን ይጠይቁ። የስኔክሄድ ሥጋ ካገኙ በወፍራሙ ይከትፉትና በቀይ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ጉላሽ ይሥሩት፤ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ቢያማስሉትም አይፈራርስም። ከወንዝ ራስዎ ካጠመዱት ግን በሕይወት እንዳለ ይዞ መጓዝ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እዚያው ይግደሉት።